ለመሸጥ የወጣ ቤት የተደበቀ ቤት አይደለም

አክስቴ ስታርፍ ለንደን ውስጥ ትታው የሄደችው ንብረት አንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ናት። ለዓመታት በካውንስል ኪራይ ኖራባት፣ በኋላም ተከራዮች በቅናሽ እንዲገዙ በሚፈቅደው መብት ገዝታ፣ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል እያጸዳች ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰችላት ቤት። ወራሾቹ አዲስ አበባ ያሉት እኅቶቿ ናቸው፤ ኑዛዜ አስፈጻሚው እኔ ነኝ። «ባዶ ቤት ደግሞ ምን ያስወጣል? ቆልፈህ ገዢ ጠብቅ» አለችኝ ታላቋ በስልክ።

ብዙ ያስወጣል። የኤሌክትሪክና የጋዝ ስታንዲንግ ቻርጅ አንድ አምፖል ሳይበራም በየቀኑ ይቆጥራል፤ ሁለቱ ሲደመሩ በዓመት 300 ፓውንድ ገደማ ይሆናሉ። ኢንሹራንሶች ደግሞ ቤት ለ30 ወይም ለ60 ቀን ሰው ካጣ ሽፋኑን ይቀንሱታል። የእኛው ኢንሹራንስ ቤቱ በየሳምንቱ እንዲታይ፣ በብርዱ ወራትም ቧንቧው ቀዝቅዞ እንዳይፈነዳ ማሞቂያው እንዳይጠፋ አስገድዶናል። ስለዚህ ማንም የማይሞቀውን ቤት እናሞቃለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። በሩን ስገፋው የተከማቸው ፖስታ ከኋላ ይይዘዋል፤ ግማሹ «ለነዋሪው» ይላል። የቆጣሪውን ቁምሳጥን ከፍቼ በስልኬ መብራት ቁጥሩን ፎቶ አነሳለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ። የጸሎት መጽሐፏን የምታስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ የመጽሐፉ ቅርጽ ብቻ በአቧራው መካከል ቀርቷል።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የሚሸጥልኝ ነጋዴ ነውና ያስከፍለኛል። የምሟገተው ከካውንስል ታክሱ ጋር ነው።

በእርግጥ ሕጉ ለሟች ቤት ፋታ ይሰጣል። ፕሮቤት የሚባለው የውርስ ፈቃድ እስኪወጣ፣ ከወጣም በኋላ ቤቱ ባዶ እንደሆነና ለሌላ እስካልተላለፈ ድረስ ለ6 ወር ምንም አይከፈልበትም። 6 ወሩ ባለቀ በሳምንቱ ግን ሙሉው ቢል መጣልን። ለካውንስሉ ደወልኩ። ቤቱ ለሽያጭ እንደቀረበ፣ ገዢም እንደተገኘ፣ የቀረው የሶሊሲተሮቹ ሥራ እንደሆነ አስረዳሁ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ በትሕትና «ለባዶ ቤት ቅናሽ የለንም» አለችኝ።

እስቲ ይህን በቁጥር እንየው። በ2025/26 የበጀት ዓመት በእንግሊዝ ባንድ ዲ በሚባለው የቤት ዋጋ ምድብ ካውንስል ታክሱ በአማካይ 2,280 ፓውንድ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት አንድ ሰው ብቻውን ቢኖር 25 በመቶ ተቀንሶለት 1,710 ይከፍላል። ማንም ካልኖረበት ግን 2,280። ቆሻሻ የሚያወጣ፣ መንገዱ ላይ የሚመላለስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ሰው የሌለበት ቤት ሰው ካለበት ቤት በላይ ይከፍላል ማለት ነው። ታክሱ የንብረት ነው እንጂ የአገልግሎት ዋጋ አይደለም የሚሉ አሉ። የንብረት ብቻ ከሆነ ብቻውን ለሚኖረው ለምን ተቀነሰለት? እውነቱ፣ ታክሱ በ1993 ሲጀመር ግማሹ በንብረቱ፣ ግማሹ በሰዎቹ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ነዋሪ ከሌለ ግማሹ ይቀነስ ነበር፤ ዕቃ የሌለው ባዶ ቤት ደግሞ እስከ 6 ወር ጭራሽ አይከፍልም ነበር። ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ቅናሹ ለየካውንስሉ ፈቃድ ተተወ። ገንዘብ ያጠራቸው ካውንስሎች ቅናሹን ቆረጡት፣ ብዙዎቹም ፈጽመው አጠፉት።

በዚያው ዓመት ቅጣቱም መጣ። 2 ዓመት ባዶ በቆየ ቤት ላይ እስከ 50 በመቶ ጭማሪ ተፈቀደ፤ በ2019 ወደ 100 በመቶ ከፍ አለ። 10 ዓመት ባዶ የቆየ ቤት ከ2021 ወዲህ ጭማሪው እስከ 300 በመቶ ይደርስበታል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ እጥፍ ለማስከፈል 1 ዓመት በቂ ሆነ። ለሽያጭ የቀረበ ቤት ከጭማሪው ቢበዛ ለ12 ወር እንዲታለፍ የተደነገገው ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ነው። እሱም የሚያነሳው ጭማሪውን ብቻ ነው፤ መደበኛው ታክስ እንዳለ ይቀጥላል።

የጭማሪውን ዓላማ አልቃወምም። ከእኛው ማኅበረሰብ በጊዜያዊ መጠለያ አንድ ክፍል ውስጥ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች አውቃለሁ። ዋጋ እስኪወጣለት ብሎ ቤት ቆልፎ የሚቀመጥ ሰው ቢቀጣ ደስ ይለኛል። ሻጭ ግን ቤቱ ሰው እንዲገባበት ከማንም በላይ የሚቸኩል ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ስህተት ነው፤ የሚለያቸው የቀን ብዛት ሳይሆን የሠሩት ሥራ ነውና።

ቀኑስ በሻጭ እጅ ነው? በእንግሊዝ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ገዢም ሻጭም አይታሰሩም። የገዢው ባንክ ይጓተታል፤ ገዢው የራሱን ቤት ሳይሸጥ አይገዛም፤ የእሱም ገዢ እንዲሁ። በእኛ ጉዳይ ግን ያዘገየን ሌላ ነው። ቤቷ የአክስቴ ብትሆንም ሕንፃው የካውንስሉ ነው። ስለዚህ የሰርቪስ ቻርጁን ሒሳብ፣ የሕንፃውን ኢንሹራንስ፣ የእሳት ደኅንነቱን ሰነድና ወደፊት የታሰበውን ጥገና የሚያሳይ የመረጃ ጥቅል ከካውንስሉ መግዛት ነበረብን። ገንዘቡን በጠየቁን ቀን ከፈልን። ጥቅሉ የመጣው በ7ኛው ሳምንት ነው። አንዱ ክፍል ወረቀቱን ይዞ ሲያስጠብቀን፣ ሌላው ክፍል ቤቱ ባዶ ነው ብሎ የእነዚያኑ ቀናት ሙሉ ታክስ ቆጠረብን። ገንዘቡ የሦስት አረጋውያን እኅትማማቾች ውርስ ነው።

ምን ይደረግ? ነዋሪ የሌለው፣ በእርግጥም ለገበያ የቀረበ ቤት አንድ ሰው ከሚኖርበት ቤት በላይ ሊከፍል አይገባም፤ 75 በመቶ ይብቃው። ገዢ ያቀረበው ዋጋ ተቀባይነት ካገኘ ቀን አንሥቶ ርክክቡ እስኪፈጸም ለጭማሪው የሚቆጠረው ጊዜ ይቁም። የካውንስሉ የራሱ ሰነድ የዘገየበት ጊዜ ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠር። ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የ1992ቱ የአካባቢ መስተዳድር ፋይናንስ ሕግ በአንቀጽ 13ኤ ካውንስሎች የአንድን ሰው ቢል እንዲቀንሱ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ባዶ ቤት እንዳይደበቅ የምንፈልግ ከሆነም ይጠቅማል። ዛሬ ወዳጆቼ «ባዶ መሆኑን አትንገራቸው» ይሉኛል፤ እውነቱን መናገር ስለሚያስከፍል ነው እንዲህ የሚባለው።

እኔ ነግሬያለሁ። ለሰፈራችን ካውንስለር ጽፌያለሁ፤ በአንቀጽ 13ኤም የ49 ቀን ቅናሽ ጠይቄያለሁ፤ ክፍያው የተፈጸመበትን ደረሰኝና ጥቅሉ የደረሰበትን ኢሜይል አያይዣለሁ። ካውንስሎች የሚቀጥለውን ዓመት ታክስ ከማርች 11 በፊት መወሰን አለባቸው። ቤት በመሸጥ ላይ ያላችሁ ሁሉ ከዚያ በፊት የእናንተንም ቀናት ቆጥራችሁ ላኩላቸው።