የሰው ክኒን በሠፈራችን አይዙር!

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ስለ አንድ መጥፎ ልማድ መጻፍ ግድ ሆኖብናል። አንዱ ጥርሱን ወይ ወገቡን ሲያመው ጎረቤት «ቆይ፣ ለኔ የታዘዘ አለ» ይላል፤ ከመሳቢያ ክኒን ይወጣል፤ ቡና እየተጠጣ ይዋጣል። ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ የላከው ከሆነማ ጭራሽ እንደ በረከት ነው የሚታየው። ይኸ መተሳሰብ ነው የሚሉ አሉ። እኛ አይደለም እንላለን።

ባለፈው ወር የደረሰውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንዲት አራስ እኅታችን ስፌቷ አላስተኛ ቢላት ኮዴይንና ፓራሲታሞል አንድ ላይ ያለበት ክኒን ተሰጣት። ሁለት ቀን ዋጠች። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት አልይዝ አለ፤ ቢቀሰቅሱት አይነቃም፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። «ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ተብሎ ሊተው ነበር። አያቱ ናቸው እንቢ ብለው በሌሊት ሐኪም ቤት ያስኬዱት። ተመስገን፣ ተርፏል። ክኒኑ ከማን ቤት ወጣ? ሸሽገን አናልፍም፤ ከኮሚቴያችን አባል ቤት ነው የወጣው። ስለዚህ መጀመሪያ የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

ጠይቀን የተረዳነው እንዲህ ነው። ኮዴይን ከኦፒየም ወገን ነው። ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሕመም የሚያስታግሰው። ታዲያ የሁሉ ሰው ጉበት እኩል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ይህን ሥራ የሚያፋጥነውን፣ ከወላጅ የሚወረስ ጂን የሚባለውን ነገር ተደራርቦ ይዘው ተገኝተዋል። በስዊድን ሰዎች ዘንድ ይህ እጅግ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በልኩ ቢውጥም ከልክ በላይ ሞርፊን በደሙ ይገባል፤ ትንፋሹ ይደክማል። በእናት ጡትም ወደ ሕፃን ያልፋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስድ አስጠንቅቋል። እንግዲህ «ለእገሌ ተስማምቶታል» የሚሉን ምን ማስረጃ ይዘው ነው?

ሌላው ጉድ ፓራሲታሞሉ ነው። ክኒኑ አንድ፣ መድኃኒቱ ሁለት። ሰው ይኸን ውጦ ደሞ ለራስ ምታት ፓናዶል ይጨምርበታል። ፓናዶልም እኮ ያው ፓራሲታሞል ነው! ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም፣ ማለት ባለ 500 ሚሊግራሙ ስምንት ፍሬ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። ክፋቱ፣ በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ደኅና መስሎ ይውላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ውሎ አድሮ ነው። በአረቄ ወይም በእንቅልፍ ክኒን ላይ የሚደርቡትማ ትንፋሻቸውን በገዛ እጃቸው ያዳክማሉ። ለወገቡ ብሎ ጀምሮ ማቆም ያቃተው፣ ካልዋጠ የሚያልበውና እረፍት የሚያጣ ሰውም አለ።

ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶችንም በጥብቅ እንቃወማለን። ብር ተቀብሎ ዓይንን መጨፈን ሙያ አይደለም። አንዳንዶች «ማኅበሩ ሕመምተኛ ይሠቃይ አለ» እያሉ ማውራት ጀምረዋል፤ ሐሰት ነው። ካንሰር ያለበት፣ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው በሐኪም ትእዛዝ ይውሰድ፣ መብቱ ነው። የምንቃወመው ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ነው።

የዋጠ ሰው አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወተት አጠጡ፣ ሎሚ አሽትቱ እያላችሁ አትቆዩ። የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት። መኪና ያላቸው ሁለት አባሎች በሌሊትም እንድትቀሰቅሷቸው ፈቅደዋል፤ ቤታቸውን ጸሐፊው ያሳያችኋል። ብዙ ፓራሲታሞል የዋጠ ደግሞ ምንም ባይሰማውም በዚያው ቀን ይሂድ።

ትርፍ ክኒን ያላችሁ ለፋርማሲ ባለሙያ እንድታስረክቡ እናሳስባለን። እኛ የኮሚቴው አባላት መሳቢያችንን ባለፈው እሁድ አራግፈናል። የእናንተ ቀርቷል።

የማኅበሩ ጸሐፊ