የመምህሩ አደራ

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. በስደት፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲያርፍ አዲስ አበባ የቀሩት ተማሪዎቹ አፈር ሊያለብሱት እንኳ አልታደሉም። ሐረር ተወልዶ ኮሎኝ የተማረው ይህ ሰው አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሯል።

እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው “ጎልጎታ” የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስቅለትን ማየት ለለመደ ዓይን እንግዳ ነበር፤ ሕማሙን የሚናገረው ከፊት ገጽታ ይልቅ ደም የመሰለው ቀይ ቀለም ነው። የከተማዋን የቆርቆሮ ጣሪያዎችም ለሸራ የሚበቁ አድርጎ አሳይቶናል። እነ ዘሪሁን የትምጌታና ወሰነ ኮስሮፍ የእሱ ተማሪዎች ናቸው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። በስሙ የተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ለዚህ ምስክር ነው። የሠዓሊ ሥራ ሸራ ላይ ይቀራል፤ የመምህር ሥራ ግን በተማሪዎቹ ልብ ውስጥ ስለሆነ ካልተሰነደ አብሯቸው ያልፋል። ስለዚህ ያስተማራቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ትዝታቸው በድምፅና በጽሑፍ ይቀረጽ። ትምህርት ቤቶችም ልጆችን ስድስት ኪሎ ወዳለው ወደዚህ ሙዚየም ወስደው ሥዕሎቹን ያሳዩ። መምህርን ማክበር ትምህርቱን ማስቀጠል ነው።