«አይ ሰቨን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንቅበረው

ኮምፒውተር ሊገዛ የወጣ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አይ ሰቨን ነው?» ቦሌም ይኸው ነው፣ መርካቶም ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነድ ብትገልጡም «ኮር አይ 7 እና ከዚያ በላይ» የምትል መስመር አታጡም። ጥያቄው የተሳሳተ ነው። የስህተቱንም ዋጋ በብር፣ በዶላርና በመብራት እየከፈልን ነው።

ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔት፣ ለሒሳብ፣ ለዜናና ለትምህርት ዴስክቶፕ የሚገዛ ሰው የሚያስፈልገው ርካሽና የማይግል ፕሮሰሰር፣ ከላዩም ሊኑክስ ነው። ይህን የምለው ኪሱ ለሳሳ ሰው ማጽናኛ እንዲሆን አይደለም፤ ገንዘብ ያለውም ይህንኑ ቢገዛ ይሻለዋል። ምክንያቴን ልደርድር።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው። «አይ 7» የደረጃ ስም ነው፤ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚወስነው ትውልዱ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ኮር አይ 7-2600 አራት ኮር አለው፤ የዋት ቁጥሩ 95 ነው። በ2023 የወጣው ኤን 100 የተባለው ትንሽ ፕሮሰሰርም አራት ኮር አለው፤ የዋት ቁጥሩ ግን 6 ነው። በተለመዱት የፍጥነት መመዘኛዎች ሁለቱ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። በ2022 የወጣው ኮር አይ 3-12100 ደግሞ ያንን አሮጌ አይ 7 በሰፊ ልዩነት ጥሎት ይሄዳል። ትውልዱን ሳይጠይቅ ለ«አይ 7» ተለጣፊ ተጨማሪ ብር የሚከፍል ሰው የገዛው ስም ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያን ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው አየር ነው፤ የእኛ አየር ደግሞ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። «ብርዱ ይክሰናል» የሚል ይኖራል፤ በከፊል እውነት ነው። ሰመራ፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ ያሉትስ ምን ይበሉ? በዚህ ላይ አቧራው አለ። የማቀዝቀዣው ክንፎች በአቧራ ሲደፈኑ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በውድ የገዛችሁት ጉልበት በፈለጋችሁት ሰዓት አይገኝም።

ሦስተኛው መብራት ነው። አንዱ ኮምፒውተር በሥራ ላይ 100 ዋት፣ ሌላው 30 ዋት ይስባል እንበል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠሩ ልዩነቱ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 40 ኮምፒውተር ባለው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ 560 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ባለበት አገር ይህ የሚናቅ ቁጥር አይደለም።

መብራቱ ሲጠፋስ? በትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ቢሞላ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያም የሚባክን አለ። ሞኒተሩን ጨምሮ 120 ዋት የሚስብ ኮምፒውተር ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ እስክትዘጉ ያህል ነው የሚያቆያችሁ። 50 ዋት የሚስበው ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይሰጣችኋል። ዜና ለማድረስ እየተጣደፈ መብራት የሄደበት ሰው የእነዚያን ደቂቃዎች ዋጋ ያውቃል።

ይህን ትምህርት አምራቾቹ ራሳቸው በውድ ተምረውታል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሬስኮት የተባለውን ፔንቲየም 4 ሲያወጣ ሙቀቱ መቀለጃ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት በዚያው መንገድ ሊከተል የነበረውን ቴጃስ የተባለ ፕሮሰሰር ሰረዘው። በ2006 ኮር 2 ዱዎን ይዞ መጣ፦ 65 ዋት፣ ግን የበለጠ ፈጣን። ከዓመታት በኋላ የጉልበት ውድድሩ ተመለሰና ኮር አይ 9-14900ኬ ሲገፋ እስከ 253 ዋት የሚደርስ ሆነ። በ2024 ደግሞ ኩባንያው በአንዳንድ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ከሚገባው ያለፈ ቮልቴጅ ብልሽት እያስከተለ መሆኑን አምኖ የዋስትና ጊዜያቸውን በሁለት ዓመት አራዘመ። እዚህ በዕቃ ጫኝ በኩል ያስመጣ ሰው ያንን ዋስትና ይዞ የማንን በር ያንኳኳል?

አሁን ወደ ሊኑክስ እንምጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በሌላ አነጋገር በደንብ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በወረቀት ላይ ሞተዋል። በውጭ አገር ቢሮዎች እየተጣሉ ነው፤ እኛ አገርም ይመጣሉ። ሊኑክስ ይህን የሞት ፍርድ አያውቀውም። የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሲዲ ፍለጋ የለም። «አማርኛስ?» ለሚለኝ፦ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አይባስ በተባለው የመጻፊያ ሥርዓት «ሰላም»ን በላቲን ቁልፎች መትቶ በግዕዝ ማውጣት ይቻላል። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ጭኖ ቫይረስ ከማሳደግ ይህ አይሻልም?

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ እንዲህ አድርጉ።

1. ትውልዱን ጠይቁ። ከኢንቴል 7ኛው ትውልድና ከዚያ በላይ ይሁን። ዩቲዩብ በብዛት የሚጠቀምበትን ቪፒ 9 የተባለ የቪዲዮ አሠራር የግራፊክሱ ክፍል በሙሉ አቅም መፍታት የጀመረው ከዚያ ነው፤ ዋናው ፕሮሰሰር ያርፋል። ብራውዘሩ ይህን መጠቀሙን ግን አረጋግጡ፤ በሊኑክስ አንዳንዴ በእጅ ማብራት ያስፈልጋል።

2. የመጨረሻዋን ፊደል አንብቡ። ከ6ኛው ትውልድ ወዲህ «ቲ» ያለባቸው የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች 35 ዋት ናቸው፤ ባለ ስድስት ኮሩ አይ 5-8500ቲ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ኬ» ያለበትን ለሚገፋ ሰው ተዉለት። «ኤፍ» ያለበት ግራፊክስ የለውም፤ ሌላ ካርድ፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ሙቀት ነው።

3. አዲስ የሚገዛ ለቀላል ሥራ ኤን 100ን ይያዝ። ከበድ ላለ ሥራ ኮር አይ 3-12100 ወይም የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ይበቃዋል። ሁለተኛው 65 ዋት ቢሆንም ማዘርቦርዱ ከፈቀደ በባዮስ ወደ 45 ዋት ማውረድ ይቻላል።

4. የዋት ቁጥሩን እንደ ቆጣሪ አታንብቡት። ኤን 100 «6 ዋት» ቢባልም ብዙ ኮምፒውተር ሠሪዎች ከዚያ በላይ ይለቁታል። ሥራ ሲፈታም «ቲ» ያለውና የሌለው የሚስቡት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ ሲጫን ነው። በሊኑክስ ኤልኤም ሴንሰርስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ ሙቀቱን በዓይናችሁ እዩት።

5. የተረፈውን ብር ኤስኤስዲና ራም ላይ አውሉት። ኮምፒውተር «ቀሰስ አለ» ሲባል ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው።

«ቪዲዮ አርታኢውስ? ሦስት አቅጣጫ ሥዕል የሚሠራው አርክቴክትስ?» ትሉኝ ይሆናል። እነሱ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል፤ ይግዙ። የምቃወመው ደብዳቤ ለሚጽፍና ኤክሴል ለሚሞላ ጠረጴዛ ሁሉ የእነሱን ማሽን ማዘዝን ነው። ለጎረቤት መንደር ወፍጮ ለመሄድ ሲኖትራክ የሚከራይ የለም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚገባው በዚያ ዶላር ነው። የመንግሥት ግዥ ሠራተኞች «ኮር አይ 7 እና ከዚያ በላይ» የምትለውን መስመር ሲገለብጡ የሚያወጡት የሕዝብ ገንዘብ ነው። ለአንድ ላብራቶሪ በታዘዘው የስም ክብር ፋንታ ለሌላ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ኮምፒውተሮች ሊገዙበት ይችሉ ነበር። በሰነዱ ላይ ትውልዱን፣ የኮሩን ብዛት፣ የዋቱን ጣሪያና በሊኑክስ መሥራቱን ጻፉ። ይህን ለመጻፍ የግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

ከእናንተ መካከል የጨረታ ኮሚቴ አባል፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ወይም የአይቲ ኃላፊ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ግዥ «አይ ሰቨን ነው?» ብሎ የሚነሳ ሰው ሲኖር «የስንተኛ ትውልድ? ስንት ዋት?» ብላችሁ መልሱለት። መልስ ከሌለው ፊርማችሁን አታኑሩ።