ከዕርቅ በፊት ለብቻ ማድመጥ፦ የቡታጅራው ጥናትና የቤተሰብ ምክር አገልግሎት

ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው የጉራጌ ተወላጅ በወልቂጤና በቡታጅራ የሚያልፈው ለበዓሉ ብቻ ብሎ አይደለም። ወቅቱ ተራርቆ የከረመ ትዳር የሚገናኝበት፣ ጋብቻ የሚታሰብበት፣ የቆየ ቅሬታም ለሽማግሌ የሚቀርብበት ነው። ባል በከተማ ሲነግድ ሚስት የእንሰቱን ማሳና ልጆቹን ይዛ መክረሟ በአካባቢው ረጅም ዕድሜ ያለው አኗኗር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቤተሰብ ምክርም ሆነ ሽምግልና የሚደርሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጣድፎ ነው፤ የሚቸኮለውም አብዛኛውን ጊዜ ለዕርቅ ነው።

ይህ ጥድፊያ ምን ሊሸፍን እንደሚችል በአካባቢው ከተካሄደ ጥናት መረዳት ይቻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቡታጅራና አካባቢዋ የሕዝብና የጤና መረጃ ሲሰበስብ ቆይቷል። በዚሁ መሠረት ላይ በ1994 ዓ.ም. በመስቃንና ማረቆ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 3,016 ሴቶች ተጠየቁ። ጥናቱ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ያካሄደው ጥናት አካል ሲሆን ውጤቱ በ1998 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው፣ 54 በመቶው ደግሞ ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበሩት 12 ወራት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከእነዚሁ ሰዎች እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። 71 በመቶው ጥናቱ ከሸፈናቸው 15 ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ ዝቅተኛው የጃፓን ከተማ ሲሆን 15 በመቶ ነው። አኃዙ የዛሬ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ግድም እንደመሆኑ የአሁኑን ሁኔታ ያሳያል ማለት አይቻልም።

ለምክር ባለሙያ ግን ከአኃዙ ይልቅ አጠያየቁ ይጠቅማል። ጠያቂዎቹ የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ፣ ያውም ሌላ ሰው በማይሰማበት ሥፍራ ትጠየቅ ነበር። በመንደሩም ጥናቱ ስለ ሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኝ እንደሆነ እንጂ ስለ ጥቃት እንደሆነ አልተነገረም፤ ባል ቢሰማ መልስ የሰጠችው ሴት ትጎዳለችና። በአንጻሩ በተለመደው ሽምግልና ባልና ሚስት የሚናገሩት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ብዙ ጊዜም ዘመድ እየሰማ ነው። ለተመራማሪ ያስፈለገው ጥንቃቄ ለመካሪ አያስፈልግም የሚባልበት ምክንያት የለም።

ከዚሁ መረጃ በተሠሩ ተከታይ ትንታኔዎች በባል የሚደርስ ጥቃት ከሴቶች ድባቴ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ሌላው ግኝት ያልተጠበቀ ነው። በከተማ መኖርና መማር ጥቃትን የማይቀበል አመለካከት ሲያጎለብት፣ በገጠር ግን ማንበብ የማይችል ባል ያላት የተማረች ሚስት ለአካላዊ ጥቃት ይበልጥ ተጋልጣ ተገኝታለች። እንግዲህ ሴቷን ማስተማር ብቻውን ቤቱን አያረጋጋም፤ ምክሩ ባልንም መድረስ አለበት።

ሕጉ የሽማግሌዎችን ድርሻ አስተካክሏል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽምግልና ዳኞች ነበሩ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ግን ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ለሽማግሌዎች ማስታረቁን አቆየላቸው፤ ፍርድ ቤቱም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ መስጠት ይችላል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው። የማሰላሰያው ጊዜ ለተኳረፉ ባለትዳሮች መልካም ዕድል ነው። ለምትደበደብ ሴት ግን ከደብዳቢዋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያልፉ ሦስት ወራት ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ሽምግልና ይቅር ማለት አይደለም። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎና የክስታኔ ጎርደና ሴራ ዛሬም የሚከበሩ ተቋማት ናቸው፤ ቃላቸው ከብዙ የቢሮ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች በትዳር መብት እንዲያገኙ በጆካ ፊት እንደተሟገተች የሚነገርላት የቃቄ ወርድወትም አቤቱታዋን ያቀረበችው ለዚሁ ሸንጎ ነው። ስለዚህ ለሽማግሌዎች የሚሰጥ ሥልጠና የሚጀምርበት ነጥብ ግልጽ ነው፦ ሁለቱን አንድ ላይ ከማስቀመጥ በፊት ሚስትን ለብቻዋ፣ ሌላ ጆሮ በሌለበት መጠየቅ። መልሷ ድብደባን ወይም ማስፈራሪያን የሚያመለክት ከሆነ ጉዳዩ የዕርቅ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ወደ ጤና ተቋም፣ ወደ ፖሊስና በየወረዳው ወደሚገኘው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መምራት ይገባል። ባል ከመስቀል በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ከሆነም ክትትሉ ከጉዞው ጋር መቋረጥ የለበትም፤ በሚቀጥለው መስከረም ዳግመኛ ለብቻዋ ልትጠየቅ ይገባል።