ትልቅ አካል፣ ትንሽ ሞተር፦ የቅየራው ሒሳብ ለማን ይሠራል?

አሮጌ መርሰዲስ የሚያሻሽጥ ደላላ ገዢው ስለ ነዳጅ አንስቶ ፊቱን ማጨፍገግ ሲጀምር የማትቀር አንዲት ምክር አለችው። "ሞተሩን በትንሽ፣ አውቶማቲኩን በማኑዋል ቀይረህ ንዳው፤ መኪናው ያው መርሰዲስ ነው፣ ነዳጁ ግን የትንሽ መኪና ይሆናል" ይላል። ምክሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ጉድለቱ ስሌቱ ለየትኛው ገዢ እንደሚሠራ ሳይናገር ማለፉ ነው። አርባ ምንጭን በመሰለ ከተማ ደግሞ፣ አንድ እግሩ በሐይቆቹ ዳር ሜዳ ላይ፣ ሌላው በጋሞ ተራሮች አቀበት ላይ በሆነበት ገበያ፣ ይህ ዝምታ ገንዘብ ያስከፍላል።

በኢትዮጵያ ገበያ መኪና በመጀመሪያ የሚነበበው በሲሲው ነው። ልማዱን ያጸናው የ1995ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ሲሆን፣ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ ለሆነው 100 በመቶ አስከፍሏል። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 የመኪናውን ዕድሜ ጨመረበት፤ አሮጌ መኪና ማስገባትም ከባድ ሆነ። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቁ። ስለዚህ የቤንዚን አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው የሚያየው ቀድሞውኑ ግቢ ውስጥ ያለውን ነው። ቪትዝና ያሪስ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈባቸው በመሆናቸው ዋጋቸው አይቀመስም። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሰፊ አካል ግን በነዳጁ ምክንያት ይሸሻል። የደላላው ምክር የምትበቅለው በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ይሁንና በሲሲ የተከፈለው ቀረጥ አንዴ ተከፍሏል፤ ሞተር መቀየር ያንን አይመልስም። የሚመለሰው ከነዳጅ የሚተርፈው ብቻ ነው።

እሱንም በብር እንየው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ይጠጣ የነበረው 10 ሊትር ሆነ እንበል፤ ይህ ለቀያሪው የሚያደላ ግምት ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የእጅ ዋጋውና ጥቃቅኑ ሁሉ ተደምሮ 400 ሺህ ብር ፈጀ እንበል። በ2014 ሐምሌ አካባቢ ቤንዚን በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም በነበረ ጊዜ፣ ይህ ሰው ገንዘቡን ለመመለስ 167 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ነበረበት። በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። ሊትሩ በ2017 ጥር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ግን ርቀቱ ወደ 79 ሺህ ኪሎ ሜትር ወረደ፤ ዓመቱም አምስት ሆነ። ከዚያ በኋላም ዋጋው ጨምሯል፤ አርባ ምንጭ ሲደርስ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል። እንግዲህ ትናንት እብደት የነበረውን ነገር ዛሬ ቁጭ ተብሎ የሚሰላ ያደረገው የነዳጁ ዋጋ እንጂ የሜካኒኩ ብልሃት አይደለም።

ሆኖም አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው አምስቱ ሊትር በእውነት ከተረፈ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። አምስት ሰው የጫነና በመመለሻው የጨንቻ ፖም በካርቶን የሚይዝ መርሰዲስ ወደ 1,800 ኪሎ ይመዝናል። ያንን ክብደት 1,400 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ፣ ሞተሩ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ሦስት ሊትር ገደማ ቤንዚን ይቃጠላል። ተራራ ሲሲ አይጠይቅም። ትንሹ ሞተር የሚቆጥበው ሲቀላ ገበያ መሀል ሰው ሲጠብቅ ቆሞ ሲንተከተክ፣ ከሴቻ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው። በዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ ጨንቻ ሲደርስ ሩቡን ጥሏል። ከትልቅ ሞተር ሩብ ቢጎድል ሹፌሩ ላያስተውል ይችላል። ከትንሽ ሞተር ሩብ ሲጎድል ግን በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ መውጣት ነው፤ የራዲያተሩን ውኃ ማፍላት ነው፤ የዳነው ሊትርም እዚያው ያልቃል።

ለመሆኑ ትንሽ ሞተር በትልቅ አካል ውስጥ ማስገባት አዲስ ነገር ነው? አይደለም። ፋብሪካው ራሱ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የተሠራው፣ መቶ ሃያ ሦስት የሚባለው መርሰዲስ፣ በአንድ ዓይነት አካል 280 በተባለው ሞዴል ባለ ስድስት ሲሊንደር 2,746 ሲሲ ቤንዚን፣ 200 ዲ በተባለው ደግሞ 60 ፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው 1,988 ሲሲ ናፍጣ ሞተር ተገጥሞለት ወጥቷል። ባለ ናፍጣው በብዙ አገር ታክሲ ሆኖ አርጅቷል። ታዲያ ፋብሪካው ሞተሩን ሲያሳንስ ዲፈረንሻሉንም ቀይሯል፤ ጎማው አንዴ እስኪዞር ትንሹ ሞተር ብዙ ጊዜ እንዲዞር አድርጎ ማለት ነው። ለፍሬኑ ማገዣ አየር የሚስበውን ፓምፕም ከናፍጣው ሞተር ጋር አብሮ ሰጥቷል። በየጋራዡ የሚሠራው ቅየራ ብዙውን ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሞተርና ካምቢዮ ይቀየራል፣ ዲፈረንሻሉ የስድስት ሲሊንደሩ እንደሆነ ይቀራል። እንዲህ ያለ መኪና ሜዳ ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ አቀበት ሲያይ ይሞታል። ከሌላ ፋብሪካ መኪና የወጣ ናፍጣ ሞተር ያለ ፓምፑ የገጠመ ሰው ደግሞ ከጨንቻ ሲወርድ የፍሬኑን መርገጫ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያገኘዋል። ስለ ነዳጅ ሲወራ ስለዚህ የሚያነሳ ደላላ ብርቅ ነው።

ከምክሩ ውስጥ ያለ ማቅማማት ሊወሰድ የሚገባው የካምቢዮው ጉዳይ ነው። የድሮ አውቶማቲክ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ባለሙያውም መለዋወጫውም የሚፈለገው አዲስ አበባ ነው፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕድል መሞከር፣ ካልተገኘም መኪናውን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አስጭኖ መላክ ይመጣል። የማኑዋል ፍሪሲዮን ግን ማንኛውም ደህና ሜካኒክ አርባ ምንጭ ላይ ያወርደዋል፣ ይሰቅለዋል። ቁልቁለት ላይም በዝቅተኛ ማርሽ መያዝ ፍሬን ያድናል። ሞተሩን እንዳለ ትቶ ካምቢዮውን ብቻ መቀየር ብዙ ባለቤቶች ሳያስቡት የሚያልፉት፣ ወጪውም አነስ የሚል አማራጭ ነው።

ሙሉው ቅየራ በትክክል የሚያዋጣው ባለቤት አለ፤ እሱም ገቢው ከመኪናው አካል እንጂ ከሞተሩ የማይመጣ ነው። የሙሽራ መኪና የሚያከራይ ሰው የሚሸጠው ኮፈኑን፣ ቀለሙንና የኋላ ወንበሩን ነው። ቅዳሜና እሑድ በአበባ አጊጦ ከሙሽራዋ ቤት ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ሐይቁ ዳር ፎቶ ማንሻ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ጥሩምባ ሲነፋም ሲሊንደር የሚቆጥር የለም። ለዚህ ሰው ስድስት ሲሊንደር ባዶ ወጪ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ነጋዴም፣ መንገዱን በ450 ኪሎ ሜትር ብናሰላ፣ 79 ሺሁ ኪሎ ሜትር 175 ጉዞ ያህል ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል። ቤትና መሥሪያ ቤት ብቻ የሚመላለሰው፣ እሑድ ጨንቻ የሚወጣው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ገንዘቡን መኪናው ላይ ቀብሮ ይቀራል።

ቀይሮ ወዲያው ለመሸጥ የሚያስብ ሁሉ ደግሞ ከጋራዡ በፊት ሊብሬውን ይመልከት። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም አለ። አዲሱ ሞተር በመዝገቡ ላይ ካልሰፈረ በዓመታዊ ምርመራው ቦሎ ሊከለከል፣ በስም ዝውውር ጊዜ ሊታገድ፣ በአደጋ ጊዜም ከኢንሹራንስ ጋር ሊያከራክር ይችላል። ብልህ ገዢ ይህንን ስለሚያውቅ ባለቤቱ 400 ሺህ ብር ያወጣበትን ቅየራ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። መንገድ ትራንስፖርት ቢሮዎችም ቢሆኑ ባለቤቱን ከዞን ወደ ክልል ሳያንከራትቱ የሞተር ለውጥን በአንድ መስኮት መርምረው ቢመዘግቡ የሚጠቀመው ገበያው ነው፤ ክልከላው አሮጌውን መኪና በአገር ውስጥ እስካቆየ ድረስ የሚቀየር ሞተር ቁጥሩ አይቀንስም። እስከዚያው "ተቀይሮለታል" የተባለ መኪና የቀረበለት ገዢ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሞተሩ የተገዛበትንና ቀረጥ የተከፈለበትን ዲክላራሲዮን፣ አዲሱ ቁጥር የሰፈረበትን ሊብሬ፣ የዲፈረንሻሉን ማንነት። ደላላው ሦስተኛውን ጥያቄ ሰምቶ ግር ካለው፣ መኪናውን ከመክፈሉ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ዶርዜ አቀበት ይዞት ይውጣ።