«ሽማግሌ ውጣ» ስለሚሉ የኳስ ደጋፊዎች

አባቶቻችን «ሽማግሌ» የሚለውን ቃል ለስድብ አላወረሱንም። በጎጃም አገር ሁለት ሰዎች ቢጣሉ የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ ነው፤ ልጅ ሲዳር ለልመና የሚላከው ሽማግሌ ነው፤ የደም ነገር ሲነሣ በመካከል የሚቆመው ሽማግሌ ነው። ሰው ሽማግሌ ከተባለ ቃሉ ይሰማል፤ መቀመጫም ይለቀቅለታል። ይህ የክብር ስም በዛሬ ዘመን ስድብ ሆኖ የሚሰማበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም የኳስ ሜዳ ዳር ነው። ዕድሜው 34 ወይም 35 የሆነ አጥቂ፣ ኳስ ደርሳው አንድ እርምጃ በዘገየ ጊዜ፣ የቆመው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ሽማግሌ! ውጣ!» ይልበታል። ይኸው ሕዝብ ያ ሰው ጨዋታ በቃኝ ባለ ዕለት በትከሻው ተሸክሞ ያለቅስለታል። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስድቡም ልቅሶውም አንድ ጥፋት መሆናቸውን ለማስረዳት ነው።

ነገሩን ከሩቅ የሰማሁት አይደለም። በከተማችን በቁይ ለብዙ ዓመታት በአጥቂነት የተጫወተ አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በጉብዝናው ወራት ጎል ባገባ ቍጥር ማታውን በየሻይ ቤቱ ስሙ ሲነሣ ያመሽ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በቀድሞው ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገባትን ኳስ ከጎሉ በላይ ሰደዳት። በአጠገቤ የቆሙት ጎበዞች ያንን ቃል ጮኹበት። ከጮኹትም አንዱ ኳስ መምታትን ከእርሱ የተማረ ልጅ ነበር። እኔም ፊደል ቈጥሬአለሁ የምል ሰው በዚያ ቆሜ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬም ከእነርሱ ጩኸት የሚሻል አልነበረም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሰውየው መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። በዚያን ቀን የሆነውን ያላየ አያምንም። እነዚያው ጎበዞች አንሥተው ተሸከሙት፤ ሜዳውንም አዞሩት፤ «እንደ እርሱ ያለ ከእንግዲህ አይገኝም» እያሉም እንባቸውን አፈሰሱ። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያው ሜዳ ባለፍሁ ጊዜ ሰውየው ከዳር ብቻውን ቆሞ፣ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ኳስ ሲያባርሩ ይመለከት ነበር። ግባና አሳያቸው ብሎ የጠራው አንድ ሰው አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቆመህ አስብ። የሰደበው ሰው ያየው የዛሬውን እግር ነው፤ ያለቀሰውም ያየው የትናንቱን እግር ነው። ከእግሩ በላይ ያለውን ሰው ግን ሁለቱም አላዩትም። ኳስ ወዴት እንደምትመጣ ሳትመጣ ማወቅን፣ ተከላካይ ሲደክም ከዓይኑ መለየትን፣ ሳይገፉ ስፍራ መያዝን 15 ዓመት የተማረ ሰው ይህ ሁሉ ዕውቀቱ ከጉልበቱ ጋር በአንድ ቀን አይጠፋም። ልቅሶ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ከኪስ ምንም አያስወጣም። ባልንጀራውን ዓመት ሙሉ ሲሰድብ የኖረ ሰው በአንድ ማታ እንባ ዕዳውን የከፈለ መስሎት ተደስቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ እንባው ስድቡን የሚያጥብ ሳይሆን የሚሸፍን ሆኗል።

የደባይ ጥላትግን ገበሬ ከዚህ ይልቅ ዐዋቂ ነው። በሬው ባረጀ ጊዜ ወዲያው ከቀንበር አይፈታውም፤ ፈር የማያውቀውን ወይፈን ከእርሱ ጋር ይጠምደዋል። ወይፈኑ ኃይል አለው፣ ነገር ግን ይዘላል፣ ከፈርም ይወጣል፤ ሽማግሌው በሬ ግን በዝግታ ሄዶ ፈሩን ይዞ ያቀናዋል። በሬው እስኪያርፍ ድረስ ወይፈኑ በሬ ይሆናል። እኛ የተማርን የምንባል የከተማ ሰዎች ግን አሮጌውን በሬ በጅራፍ አባርረን፣ ወይፈኑን ከወይፈን ጋር ጠምደን፣ እርሻው ለምን ጠመመ እንላለን።

ካህናት አባቶቼም ይህን ምሳሌ ከራሳቸው ቤት ያውቁታል። ድምፁ የደከመ መሪጌታ ከማኅሌት አይባረርም። ዜማውን ለወጣቶቹ ትቶ እርሱ ይቀመጣል፤ የሳተውን ግን በአንዲት ቃል ይመልሰዋል። ጉሮሮው ስለ ደከመ ዜማ ጠፋበት የሚል ሰው የለም። ይህ ሥርዓት በጎጃም የቅኔ ቤትና የዜማ ቤት ትምህርት ሳይቋረጥ እንዲተላለፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው። የኳሳችን ዕውቀት ግን በየትውልዱ እንደ አዲስ ከፊደል ይጀመራል።

ይህ የምለው ነገር በአገራችን ታሪክ ተፈትኗል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ጎል ከተቈጠረባት በኋላ ተነሥታ፣ በተጨማሪው ሰዓት የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብጽን፣ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አራተኛውን ጎል ያገቡት መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበሉት የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ናቸው። ከዚያ ቡድን ኋላ በመሪነት የነበሩት ደግሞ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ሰዎች መጫወት ካቆሙ በኋላ ያገኛቸው ዕድል ለእኛ ትምህርት ነው።

አቶ ይድነቃቸው የቅኔ ጌታ የነበሩት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን 23 ዓመት ተጫውተው 318 ጎል እንዳገቡ ይነገርላቸዋል። ታላቁ ሥራቸው ግን የተሠራው እግራቸው ካረፈ በኋላ ነው። ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው፣ የዘር መለያየትን ሕግ ያደረገውን የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ከዓለም ኳስ ለማስወጣት ታገሉ። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ሽማግሌ ውጣ» ብሎ ወደ ቤታቸው ቢሰዳቸው ኖሮ፣ የቀረን 318 ጎል ብቻ በሆነ ነበር።

መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል ያገቡ ሰው ናቸው። ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ አሠልጣኝ ሆነው በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ወደ ተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊውን ቡድን መሩ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚህ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባት። ከዚያ ረጅም ድርቅ በፊት የመጨረሻውን ቡድን ለዋንጫው ያበቃው የቀድሞ አጥቂ መሆኑ በከንቱ የሆነ ይመስላችኋልን?

ሉቻኖ ቫሳሎ ግን ጥቂት ዘመን በአሠልጣኝነት ካገለገሉ በኋላ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥተው፣ መስከረም 2015 ዓ.ም. በሮም ከተማ አረፉ። የወጡት በደጋፊ ስድብ ነው አልልም፤ የዘመኑ መከራ ነው። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ በነበረው 40 ዓመት በሚያህል ጊዜ፣ ዋንጫ ያነሡልን አምበል ወዴት ናቸው፣ ልጆቻችንንስ ምን ሊያስተምሩ ይችሉ ነበር ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ባረፉ ዕለት ግን ሥዕላቸውን ያልለጠፈ አልነበረም።

ቀኑ ራሱ ይፈርድብናል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከዚያች የድል ቀን በኋላ ልክ በ51ኛው ዓመት፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት ቈይታ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመች። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ አዳነ ግርማ ጎል አግብቶ 1 ለ 1 ወጡ። ያን ቀን በየሻይ ቤቱ ስለሳተችው ምት የማይናገር አልነበረም። ነገር ግን ሦስት ወር አስቀድሞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ወደዚያ ዋንጫ ያለፍነው በእነዚሁ በሁለቱ ሰዎች ጎል ነው። የደጋፊ ትዝታ ሦስት ወር እንኳ የማይዘልቅ ከሆነ፣ 15 ዓመት ያገለገለ ሰው ምን ተስፋ ያድርግ?

ይህ በእኛ ብቻ ያለ ነው አልልም። ግንቦት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በሚላን ከተማ ዝላታን ኢብራሂሞቪች በ41 ዓመቱ መጫወት ማቆሙን በተናገረ ጊዜ፣ የገዛ ቡድኑ ሰዎች ሲያለቅሱለት የቬሮና ደጋፊዎች በስንብቱ ሰዓት እንኳ በጩኸት አወኩት። በሌላ ወገን ግን የብራዚሉ ፔሌ መስከረም 21 ቀን 1970 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲሰናበት፣ የጨዋታውን እኩሌታ ለኮስሞስ፣ እኩሌታውን ላሳደገው ለሳንቶስ ተጫወተ። ስንብት ሥርዓት ሲኖረው እንዲህ ያምራል፤ ያሳደገውም የተቀበለውም ድርሻውን ያገኛል።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዎች እንደሚቃወሙኝ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ «ኳስ የልጅ ጨዋታ ነውና ይህን ያህል ሙግት አይገባውም» የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ የምመልሰው፣ አባቶቻችን በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ሲማቱ ጌታው እንዳይቈጣ ሥርዓት አቁመው ነበር እላለሁ። ጨዋታ ያለ ሥርዓት እንዳይሆን ያሰቡት እነርሱ ከእኛ ያነሱ አልነበሩም። ሰው ጠባዩን በጨዋታ ይገልጣል፤ በሜዳ ዳር የደከመን ሰው መስደብ የለመደ ልጅ በቤቱም የደከመ አባቱን መስደቡ አይቀርም።

ሁለተኞቹ «ተጫዋች ደመወዙን ወስዷል፤ ከዚህ ሌላ ምን ዕዳ አለብን» የሚሉ ናቸው። ደመወዝ የድካም ዋጋ ነው፤ የስድብ ዋጋ የተጻፈበትን የደመወዝ ውል ግን እስካሁን አላየሁም። ደግሞም በየወረዳው ሜዳ የሚጫወተው አብዛኛው ሰው ከጫማው ዋጋ የተረፈ አንዳች ያላገኘ ነው።

ሦስተኞቹ «አጥቂው ራሱ ጊዜውን ዐውቆ ለወጣቱ ስፍራ መልቀቅ አይገባውምን» ይላሉ። እነዚህ እውነት አላቸው፤ አልክዳቸውም። ከጉልበቱ በኋላ በስሙ ብቻ ስፍራ ይዞ የሚቈይ አጥቂ የወጣቱን ዕድል ይዘጋል። ነገር ግን ይህን የሚነግረው አሠልጣኙ ነው፤ በጓዳ፣ በክብር፣ ፊት ለፊት። መሪጌታን «ተቀመጡ» የሚለው አለቃው ነው እንጂ ከደጀ ሰላም የቆመው ሕዝብ አይደለም። ሰው የመሄጃውን ጊዜ ሳይዋረድ ቢነገረው ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀድማል፤ ሲሰደብ ግን ለመሸነፍ እንቢ ብሎ ይቈያል። ስለዚህ ያረጀውን አጥቂ በሜዳ የሚያቈየው አንዳንድ ጊዜ ያው «ውጣ» የሚለው ጩኸት ነው።

እንግዲህ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። መጀመሪያ፣ እኛ የከበርን የምንባል ሰዎች ከሜዳ ዳር ቆመን ስድብ ስንሰማ ዝም አንበል፤ እኔ ያን ዕለት ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሁለተኛ፣ የየከተማው ቡድን አንድ መዝገብ ይግዛና ማን ስንት ዓመት እንደ ተጫወተ፣ ስንት ጎል እንዳገባ ይጻፍበት፤ ያልተጻፈ ሥራ ከሠሪው ጋር ይቀበራልና። ሦስተኛ፣ መጫወት ያቆመ ሰው ወዲያው በዚያው ሳምንት ሕፃናት ይሰጡት፤ በቀንበሩ በአንድ ወገን እርሱ፣ በአንድ ወገን ወይፈኑ ይሁን።

በቁይ ሜዳ ያ ሰው አሁንም እሑድ እሑድ ከዳር ይቆማል። ወንድሞቼ ጎበዞች ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ እርሱን ባያችሁት ጊዜ «ሽማግሌ» ብላችሁ ጥሩት፤ ስሙ ይገባዋል። ነገር ግን «ና፣ ግባ» በሉት እንጂ «ውጣ» አትበሉት።