ቴአትራችን አዳራሽ አይጠብቅ

በተማሪ ዘንድ ስለ ቴአትር በተነሣ ቁጥር ሁለት ምክንያቶች ተከትለው ይመጣሉ፤ «አዳራሽ የለም»፣ «ገንዘብ የለም» የሚሉ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛ ተጨመረላቸው፤ «በሽታ አለ»። ሦስቱ ሲደመሩ የማይፈታ እንቆቅልሽ ይመስላሉ። እኛ ግን ነገሩን አገላብጠን ብናየው ድህነት የሚከለክለንና ወረርሽኝ የሚከለክለን አንድና ያው ነገር ሆኖ አገኘነው፤ ይኸውም ሰው የታጨቀበት ዝግ አዳራሽ ነው። እንግዲህ ርካሹ ቴአትርና ለጤና የሚስማማው ቴአትር አንድ ከሆኑ፣ የያዘን ልማድ ነው ማለት ነው።

እስቲ የሆነውን እናስታውስ። የኮሮና በሽታ በአገራችን መግባቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችም በዚያው ወር ወደየቤታቸው ተሸኙ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። በዚያ ሰዓት ሕዝብ ሰብስቦ ቴአትር ማሳየት በወገን ሕይወት መቀለድ በሆነ ነበር፤ ክርክራችን ስለዚያ አይደለም። ክርክራችን ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ረጅም ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. ተመራቂዎች በቅድሚያ፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ወደየግቢያቸው ተመለሱ። አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ እጅ ለእጅ ሳይጨባበጡ፣ ተራርቆ መማር ተቻለ። ክፍል ውስጥ ተራርቆ መማር ከተቻለ፣ ሜዳ ላይ ተራርቆ ቴአትር ማየት ለምን ያቅታል?

ለመሆኑ «አዳራሽ ከሌለ ቴአትር የለም» የሚለው እምነት ከየት መጣ? ከታሪካችን አልመጣም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የታየው አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ቤት ነው። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶቻቸውን በትምህርት ቤት ልጆች ያሠሩ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቁ ቤት የተከፈተው ግን በ1948 ዓ.ም. ነው። ተውኔቱ ቀድሞ ተወለደ፤ ቤቱ ኋላ ተሠራለት።

እንዲያው ወደ ሩቅ ዘመን ባንሄድስ? ከመካከላችን በትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ በሰንደቅ ዓላማው ሥር የሚያሳየውን አጭር ድራማ ሳያይ ያደገ ማን ነው? መጋረጃ አልነበረውም፤ መብራት አልነበረውም፤ እኛም ቆመን አይተን ስቀናል። በዚህ በአርሲም ቢሆን እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ለፍትሕና ለዕርቅ ሲወጡ፣ ሽማግሌዎችም በዛፍ ጥላ ሥር ለሸንጎ ሲቀመጡ፣ አዳራሽ የሚከራይ የለም። ይህ ቴአትር ነው ማለታችን አይደለም፤ ክብር ያለው ትልቅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሰው ቁም ነገር ካለበት ሜዳ ላይ ቆሞ እንደሚሰማ ያስተምረናል።

«በአሰላ ብርድና ነፋስ ማን ሜዳ ላይ ይቀመጣል?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከተማችን በጭላሎ ግርጌ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱን ለገበሬው እንተውለት። በበጋው፣ ገብሱና ስንዴው በሚታጨድበት ወራት ግን ፀሐዩ ያለ ኪራይ የሚያበራ መብራት ነው። የሕንፃ ግድግዳ ከተዋንያኑ ጀርባ ቢሆን ነፋሱን ይመክታል፤ ድምፁንም ወደ ተመልካቹ ይመልሳል። ተመልካቹም ጋቢውን ደርቦ ይመጣል።

«አፉን የሸፈነ ተዋናይ እንዴት ይሰማል?» ለሚለውም መልስ አለን። ተዋንያኑ አፋቸውን ሸፍነው በእንቅስቃሴ ብቻ ይጫወቱ፤ ንግግሩን ራቅ ብሎ የቆመ ተራኪ ያሰማ። ተራኪዎቹ ሁለት ቢሆኑ ደግሞ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዱ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ከግቢው አጥር ማዶ ያለውም የአሰላ ሰው ይሰማናል። ተዋንያንና ተራኪዎች በጠቅላላው ከአራት አይብለጡ፤ በልምምዱም ከእነርሱ በቀር ሰው አይግባ። ሦስት መቶ ተመልካች ቢኖረን በአንድ ቀን አናጭቀውም፤ ሃምሳ ሃምሳውን ስድስት ጊዜ እናሳያለን። መቆሚያው በኖራ ምልክት ይደረግበት፤ ከአንዱ እስከ አንዱ ሁለት እርምጃ ይሁን። ልብሱ እያንዳንዱ ከሻንጣው የሚያወጣው ነው፤ አንዱ የለበሰውን ሌላው አይልበሰው። የሚገዛው እንግዲህ ኖራ፣ ሳሙናና ወረቀት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን «ሰው በሚሞትበት ጊዜ ቴአትር ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የሆነውን እንመልከት። ወሬ ከበሽታው ቀድሞ ሮጠ፤ የነጭ ሽንኩርቱና የዝንጅብሉ ዋጋ በአንድ ሳምንት ሰማይ ነካ። ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጥፎ ነበር፤ ሰው ግን የሚያምነው ጎረቤቱን ነው። ቴአትር ደግሞ ጎረቤትን ለጎረቤት የሚያሳይ ነው። ቢሆንም መድረኩ ላይ ወጥቶ «እጃችሁን ታጠቡ» እያለ የሚጮህ ድራማ አንፈልግም፤ ይህን ሬዲዮ ይበቃዋል። እኛ የምንፈልገው ለቅሶ እንዳትደርስ የተከለከለችውን እናት፣ የቀን ሥራው የተዘጋበትን አባት፣ ከከተማ በመመለሱ ጎረቤት የሸሸውን ልጅ የሚያሳየንን ነው። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ጥንቃቄውንም ሰብአዊነቱንም አብሮ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ፈጅቶ አለፈ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ በየደጁ ሲጤስ ብዙዎች ያን መቅሠፍት ያስታውሱበታል። አያቶቻችን ለመከራቸው መታሰቢያ አበጁለት ማለት ነው። የኮሮና አጣዳፊ አደጋነት ማብቃቱን የዓለም የጤና ድርጅት ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ግን ለዚያ ዘመን እስካሁን ምን አበጀንለት? ያን ጊዜ ከግቢ የተሸኙት ታላላቆቻችን ተመርቀው ሄደዋል፤ እኛም ገና በታች ክፍል ነበርን። ዛሬ ካልጻፍነው የሚጽፈው የለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱም ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቶናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የቴአትር ክበባችን አዳራሽ እስኪገኝ መጠበቁን ይተው። በመጪው በጋ አራት ሰው የሚበቃው አንድ ተውኔት በሜዳ ይታይ፤ ጉዳዩም ያ የመከራ ዘመን ይሁን። ይህን ሥራ በደኅና ቀን ከለመድነው ክፉ ቀን ቢመጣ ሕግ ሳንጥስ፣ ሰው ሳንጎዳ ልንሠራው እንችላለን። አለዚያ ነገራችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሜዳው አለ፤ ፀሐዩም አለ፤ የጎደለው የሚጽፍና የሚያጠና ሰው ነው። ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዕር ያላችሁ ጀምሩ።